ቆርቆሮው ያለው

በሽሬ ወንዝ ዳር ባለችው መንደር ለሃያ ቀን ከሰማይ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ቆርቆሮው ግን በየማለዳው ዘንቧል ይላል።

ቆርቆሮው የመድን ድርጅቱ የተከለው የዝናብ መለኪያ ነው። አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ የገባለትን ውሃ ራሱ ይቆጥራል። መንግሥት ለድርጅቱ አስቀድሞ ከፍሏል፤ በዘር ወቅት፣ በሃያ ቀን ውስጥ፣ ቆርቆሮው ከሃያ አምስት ሚሊሜትር በታች ከቆጠረ ድርጅቱ ለየቤቱ የዓመት በቆሎ መግዣ ይሰጣል። እርሻ ወርዶ የሚያይ የለም። ቆርቆሮው ያለው ነው የሚጸናው።

ጠባቂው ማሳውኮ ነበር። ባለፈው ረሃብ ሚስቱ የሚበላ የውሃ አበባ ሥር ልትቆፍር ረግረጉ ውስጥ ገብታ አዞ በላት። የተቀበረው ቀሚሷ ብቻ ነው። ክፍያው ከቀረ ረግረጉ ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ደግሞ እሱና አሮጊት እናቱ ኤሉቤ ናቸው።

በየማለዳው ሊያየው ሲሄድ ሁለት ሚሊሜትር። ዙሪያው አንድ ኮቴ የለም፤ የመጥረጊያ ጭረት ብቻ።

"መናፍስት ናቸው" አሉ ጎረቤቶች። ቆርቆሮው የቆመው ጎርፍ የገነደሰው፣ ዝናብ ይለመንበት የነበረው የአያቶች ዛፍ በነበረበት ገላጣ ላይ ነዋ።

"መንፈስ መጥረጊያ ምን ያደርግለታል?" አለ ማሳውኮ። "ሞተር ሳይክል የሚነዳ መንፈስ ካልሆነ!"

ሁሉም ገባቸው። በሞተር ሳይክል የሚመላለሰው የድርጅቱ ወኪል ቻዌዛ የውሃ ጠርሙስ ሳይዝ ታይቶ አያውቅም።

ማሳውኮ ሦስት ማለዳ መንገድ ዳር አድፍጦ ጠበቀው። ሞተር የሚባል አልመጣም። ከኋላው፣ ከገላጣው በኩል ግን፣ ጭጋጉ ውስጥ ሽው... ሽው... የሚል ነገር ሰማ። የሚስቱ ቀሚስ መሬት ሲጎተት እንዲያ ነበር። ዞር ለማለት አንገቱ እንቢ አለው።

ፀሐይ ስትወጣ እናቱ ውሃ ይዛለት መጣች። ጉድጓዱ ስለነጠፈ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ቅል ነው።

"እንካ፣ ልጄ። ከንፈርህ እኮ ተሰነጣጠቀ።"

"አንቺስ፣ እማዬ?"

"የእኔ ድርሻ አልቋል። ዝም ብለህ ጠጣ!"

በሃያኛው ቀን ቻዌዛ መጣና ቁጥሩን አነበበ። "አርባ። ክፍያ የለም።"

"የት ነው የዘነበው? አናትህ ላይ?"

"ወንድሜ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ማሽኑ ነው..."

የመጀመሪያውን ድንጋይ የወረወረው ማሳውኮ ነው። ከዚያ በኋላ ማን እንደወረወረ የቆጠረ የለም። ቻዌዛ ሞተሩን ጥሎ፣ አንድ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ፣ እያለቀሰ ሸሸ። ጠርሙሱ ከድንጋዮቹ መሃል ቀረ። ክዳኑ ገና አልተከፈተም ነበር።

ማሳውኮ ቤት ሲገባ እናቱ የረግረጉን መቆፈሪያ ትስላለች።

"ሃያ ማለዳ ሙሉ ዙሪያውን ጠርጌ የእኔን ድርሻ በቆርቆሮው አፍ አጠጣኋቸው" አለች፣ ቀና ሳትል፤ "አያቶች ግን አንዲት ጠብታ ነፈጉን።"