ሁለተኛው ፊርማ

ስብራቱ አልገጥም ብሏታል። ሁለቱን የበረዶ ዘንጎች በብረቱ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ አንዱን ወደ ሌላው ቀስ አድርጋ ትገፋዋለች። ጫፍና ጫፋቸው ሲገናኝ ግን መሃላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። ጓንቷን አውልቃ የስብራቱን ፊት ትዳብሰዋለች፤ ቅዝቃዜው እንደ መርፌ ሲወጋት መልሳ ታጠልቃለች።

ከምድር ዋልታ ተቆፍሮ የወጣ በረዶ ነው። እያንዳንዱ ዘንግ ከታችኛው ሲሰበር የስብራቱን ቅርጽ ይዞ ስለሚወጣ፣ ጎረቤታሞቹ እንደ ተሰበረ ሳህን ይገጣጠማሉ። መግጠም አለባቸው። አልገጥም ባለው ዘንግ ላይ የላዩን አቅጣጫ የሚያሳይ ሰማያዊ ቀስት አለ። ቀስቱን የሳለው የቀድሞ ባሏ ነው።

ቁፋሮው ቦታ ላይ ዘንጉ በቁመቱ ለሁለት ከተሰነጠቀ ወዲህ ይኼኛው ግማሽ ከተቀመጠበት ካርቶን ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ያወጣችው ሌላ ቤተ ሙከራ ቁራጭ ስለጠየቀ ነው። ያኛው ግማሽ ያኔውኑ ቀልጦ፣ አቧራው ተለክቶ፣ የእሷና የባሏ ትልቅ ጥናታዊ ጽሑፍ ሆኗል። ነፋስ ሲበረታ ከሩቅ በረሃ አቧራ ያመጣል፤ ሲደክም በረዶው ይጠራል። ጽሑፉም ያለው ይህንኑ ነው፦ በጥንት ዘመን ነፋሱ ድንገት ወደቀ፣ ቀስ እያለ ተነሳ፣ እንደገና ድንገት ወደቀ። ድንገት የምትለዋን ቃል ሰው ሁሉ ወደዳት። በዓመቱ ሲፋቱም ለዘመድ አዝማድ የነገሩት በዚያችው ቃል ነው።

ዘንጉን አንስታ ጫፍና ጫፉን አዙራ ትገለብጠዋለች። አሁን ቀስቱ ወደ ታች ያመለክታል። ትገፋዋለች።

ጠቅ።

ክፍተት የለም። በሌላው ጫፍ ያለውን ጎረቤቱን ታመጣለች። እዚያም የለም።

«ወይ ጉድ» ትላለች። ከጣሪያው ማራገቢያ በቀር የሚመልስላት የለም።

በዚህ ክፍል ቀስት የሚታረመው በሁለት ፊርማ ነው፤ አንዱ ያረመው ሰው፣ ሌላው በዓይኑ ያየው። ዛሬ እሑድ ስለሆነ በሕንጻው ውስጥ ዝር የሚል ሰው የለም። ስልኳን ከካፖርቷ ውስጥ አውጥታ ለቀድሞ ባሏ በምስል ትደውላለች።

«ሚዛን!» ይላታል። ነገር ማጥበቋን እያየ ያወጣላት ስም ነው። ከኋላው ወንበር የሚስቡ ሰዎች ይታያሉ። «ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች? ደግሞ በረዶ ቤት ውስጥ ነሽ? ሰው እሑድ ያርፋል እኮ።»

«ክራቫት አስረሃል።»

«ሊያንቀኝ ነው ባክሽ። አሁን መድረክ ላይ ልወጣ ነው። ስለ እኛ ነፋስ ነው የምናገረው።»

«አውቃለሁ፤ ለዚያ ነው የደወልኩት። ዘንጉ ተገልብጧል።»

«የቱ ዘንግ?»

«የቱ ይመስልሃል?»

ይስቃል። ከዚያ ፊቷን ልብ ብሎ ያየዋል። «አንቺ ልጅ፣ ቀልድ አታውቂም ነበር።»

«አሁንም አላውቅም። እይ።»

ስልኩን ወደ ጠረጴዛው ታዞራለች። መጀመሪያ ቀስቱ እንደሚለው ታስጠጋዋለች፤ ክፍተቱን ታሳየዋለች። ከዚያ ትገለብጠዋለች። ጠቅ።

«ድገሚው» ይላል።

ትደግመዋለች።

«የገለበጠው ማናችን ነን ግን? እኔ ነኝ አንቺ?»

«እኔ አቀበልኩህ፣ አንተ ሳልክበት። ከዚህ በላይ ማወቅ አይቻልም።»

«በዚያ ብርድ እንኳን ላይና ታቹን ስማችንንም ረስተን ነበር።» ክራቫቱን ያላላል። «እንግዲህ ድንገት የሚባል ነገር የለማ።»

«የለም። ቀስ እያለ ነው የደከመው። ድንገት የወደቀ የመሰለን የተገለበጠው ዘንግ ከላይና ከታች ጎረቤቶቹ ጋር ሲቀጠል ነው።»

«ይኼ ሁሉ ሰው እኮ ድንገትን ሊሰማ ነው የመጣው። ዛሬን እንዳለ ልናገርና በኋላ ብናርመውስ? ደግመን ሳንለካ፣ እንዲህ በጥድፊያ…»

«እንለካዋለን። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። አየህ ወይስ አላየህም?»

ከኋላው አንድ ሰው በማጉያ ስሙን ይጠራል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል። ዞር ብሎ ያይና ይመለሳል። ዓይኑ ሥር ያለው መስመር እሷ ስታውቀው ያልነበረ ነው።

«አየሁ» ይላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሚዛን፣ እኔ ግን…»

ስልኩ ይጠፋል። ብርዱ ባትሪውን ገድሎታል። ብብቷ ሥር አስገብታ ታሞቀዋለች፣ ትጫነዋለች፣ እፍ ትልበታለች። ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ይኼኔ መድረኩን እየወጣ ነው። አዳራሹ የሚሰማው የቱን ነፋስ እንደሆነ ከዚህ ሆና የምታውቅበት መንገድ የላትም። «አየሁ» ያላትንም ከሷ በቀር የሰማ ሰው የለም።

ቀይ እርሳስ አንስታ ሰማያዊውን ቀስት ትሰርዘዋለች። ከአጠገቡ በተቃራኒው አዲስ ቀስት ትስላለች። ካርቶኑ ላይ ቀኑን ጽፋ ትፈርማለች። በሱ ስም መጻፍ አይቻልም፤ ሁለተኛውን የፊርማ መስመር ባዶውን ትተወዋለች።

ከዚያ የክፍሉን መብራት ዝቅ አድርጋ ዘንጉን ከሥሩ ታበራዋለች። ከታች፣ አቧራው በበዛበት በኩል፣ በረዶው እንደ ጭስ ግራጫ ነው። ከላይ እንደ መስታወት ጠርቷል። ጣቷን ግራጫው ላይ አሳርፋ ወደ ላይ ቀስ እያደረገች ትወስዳለች፤ ነፋሱ የቆመበትን ቦታ እየፈለገች ነው። ጫፉ ላይ ትደርሳለች። አላገኘችውም። ጣቷን ወደ ታች መልሳ እንደገና ትጀምራለች።