የካርታው ግርጌ

ፍሬም ሠሪዋ ምላጩን በእርሳስ የተሰመረው መስመር ላይ አሳረፈች። «የሦስቱ ሃይማኖቶች አመጣጥ» የሚለው ካርታ ከተሠራለት ፍሬም በልጦ ነበር። የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ ሰዓቱን እያየ፣ «ከስሩ ቁረጪው፤ አፍሪካ ነው፣ ብዙም አያስፈልግም» አላት።

እጇ ግን እሺ አላላትም።

«ወንድሜ፣ ሙሴ ያደገው የት ነው?» አለችው። «ሕፃኑን ኢየሱስን እናቱ ይዛው ከሄሮድስ የሸሸችውስ ወዴት ነው? የነቢዩ ሰዎች ሲሳደዱ ባሕር ተሻግረው የተጠለሉትስ?» ጣቷ ከመስመሩ በታች ከቦታ ቦታ ሄደ። «እነዚህን ሁሉ ነው ቁረጪ ያልከኝ።»

ሰውየው እንደገና ሰዓቱን አየ። «ታዲያ ምን ይሻላል? ነገ እኮ ይከፈታል።»

ምላጩን አስቀምጣ መዶሻ አነሳች። ሦስት ቀን የለፋችበትን ፍሬም ማዕዘኑ ላይ መትታ ገነጠለችው።

«በል ካርታውን ያዝልኝ» አለችው። «እንጨት እንደሆነ ሞልቷል።»