አልጮህ ያለች ስልክ

አባቱ ከአርጆ በሚኒባስ መጥተው፣ በላስቲክ የታሰረች ትንሽ ስልካቸውን የቢሮው ጠረጴዛ ላይ አኖሩለት። «አልጮህ ብላለች፤ ሥራልኝ» አሉት። እሱ ቀኑን ሙሉ የመሥሪያ ቤቱን ፕሪንተርና የተረሳ ፓስወርድ ሲያባርር ውሎ ዓይኑ ቀልቷል። ስለ ቴክኖሎጂ የቀረው እምነት አንድ ብቻ ነበር፤ ዕቃ አይበላሽም፣ የሚበላሸው ሰው ነው።

«አጥፍቶ ማብራት ነበር እኮ አባ። ለዚህ ነው ነቀምቴ ድረስ የመጡት?»

«አጥፍቼ አበራሁ። ያው ናት።»

ድምፁ እስከ መጨረሻ ተከፍቷል። ኔትወርኩም ሙሉ ነው። የገቡ ጥሪዎችን ሲከፍት ከላይ ያገኘው የራሱን ስም ነበር፤ ለገና የደወለው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልደወለም። ውጭ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ምንም አልሆነችም ማለቱን ትቶ፣ በራሱ ስልክ ደወለ። ትንሿ ስልክ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠች ጮኸች። አባቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው አነሷት፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«አካም ጂርታ፣ ኢልማ ኮ? ደህና ነህ ልጄ?»

«ደህና ነኝ አባ» አለ እሱም በስልኩ። «ይኸው ተሠራች።»

ሊዘጋው ጣቱን ሲያነሳ፣ «ቆይ» አሉት፣ ከመስኮቱ ሳይዞሩ። «አትዝጋው።»