ቀያሹ፣ መጽሐፉና ማራገቢያው

የጡረተኛው ቀያሽ ኮምፒውተር ሲበራ ሠፈሩ በሙሉ ይሰማል። እዚያ ቤት ወፍጮ ተተከለ ብላ አንዲት ጎረቤት ግማሽ ኩንታል በቆሎ አሸክማ መጥታ፣ «ተራው የማን ነው?» ብላ ጠይቃለች። ተጋነነ ከተባለም በቆሎው ሩብ ኩንታል ይሁን።

የሚያጓራው የውስጡ ማራገቢያ ነበር። ኮምፒውተር እንደ ሰው ነው፤ ብዙ ሲያስብ ይግላል። ፋኑ ካላራገበለት ደግሞ ድርግም ብሎ ይጠፋል።

ቀያሹ እንዲጠፋበት አይፈልግም። የሕይወት ታሪኩን እየጻፈ ነው። ዕድሜ ልኩን ለመንገድ የሚሆን መሬት ሲለካ፣ ወንዝ ሲሻገር የኖረ ሰው ነው። አንድ አዞም አጋጥሞታል፤ አዞው በመጀመሪያው ምዕራፍ እንሽላሊት ያክል ነበር፣ በሦስተኛው ጀልባ አከለ። ችግሩ ዓይኑ ነው። ሐኪሙ «የሚጻፍ ካለ ቶሎ ይጻፉ» ብሎታል።

የእህቱ ልጅ ከመንገዱ ማዶ ኮምፒውተር ይጠግናል። መጣ፣ አሮጌውን ፋን ነቀለ፣ አዲስ ገጠመ። ጸጥ!

«ውይ፣ ሲበራም አይሰማም እኮ!» አለች የቀያሹ ሚስት። ከሁሉም የተደሰተችው እሷ ነበረች፤ ልጁን ግንባሩን ሳመችው።

ከዚያ ወዲህ ቀያሹ ምሳውን በልቶ ጋደም ይላል፣ ሲነቃ ይጽፋል።

«ስሚ፣ ይሄን ቤት የሠራሁት መቼ ነበር?»

«የሠራነው?»

«አዎ፣ እሱን።»

«ትልቋ ልጃችን ጥርስ ስታወጣ።»

«ጥርስ መጽሐፍ ውስጥ አይገባም፤ ዓመቱን ንገሪኝ።»

ብዙም አልቆየ፣ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። ሲያበሩት አንድ ገጽ እንኳ ሳያስጽፍ ድርግም።

ሚስትየው «አቧራ እንደያዘ ከቤቴ አይወጣም» ብላ ጎኑን ከፍታ ወለወለችው። ቀያሹም እንደ ሕፃን አቅፎት ማዶ ተሻገረ። የእህቱ ልጅ አበራው። ቀኑን ሙሉ ሠራ።

«ምንም የለውም፣ አጎቴ።»

«እኔ ጋ ያመዋል፣ አንተ ጋ ይድናል። አንተን ሲያይ ያፍራል ማለት ነው?»

ቤት ሲመለስ ጥቂት ቀን ሠራና፣ ድርግም። እንደገና ተወልውሎ ማዶ ሄደ፤ እንደገና ድኖ መጣ፤ እንደገና ድርግም።

ቀያሹ ነገሩ ገባው።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለ ለሚስቱ። «ዓይኑ አያይም ብሎ ነው። አዲሱን ፋን ለደንበኛ ሸጦ ሬሳውን ለእኔ ገጠመልኝ። በትከሻዬ ተሸክሜ ያሳደግኩት ልጅ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጁን አትማው። ለመጽሐፍ ብሎ ዘመዱን የሚሸጥ አለ?»

«ማን ማንን ሸጠ? የተሸጥኩት እኔ!»

ወሬው ማዶ ደረሰ። የእህቱ ልጅ ሳይጠራ መጣ። ሚስትየው ገበያ ወጥታ ነበር። ልጁ የኮምፒውተሩን ጎን ፈታ፣ አጎነበሰ፣ ከፋኑ ክንፎች መሃል አንድ የክብሪት እንጨት ስቦ አወጣ።

«አጎቴ፣ ያቆመው ይሄ ነው። ሰው ነው የከተተው።»

«ከእጅጌህ አወጣኸው!»

«እኔ?»

«ራስህ ትከታለህ፣ ራስህ ታወጣለህ! ውጣልኝ! ሁለተኛ አጎቴ እንዳትለኝ!»

ልጁ መፍቻውን እዚያው ጥሎ ወጣ። በሩን እንኳ አልዘጋም። ቀያሹ የሚሳደበው ሰው ቢያጣ ኮምፒውተሩን ጥቂት ሰደበው፤ ከዚያ እንባው መጣ።

ሚስቱ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች ነገሩን ሰማች። ፊቷ ልውጥ አለ።

«አባረርከው?»

«አባረርኩት። ሥጋዬ ከዳኝ።»

በማግስቱ ሌላ ጠጋኝ ፍለጋ ወጣ። መንገድ ከጀመረ በኋላ ደመናውን አየና ለዣንጥላ ተመለሰ።

ሚስቱ ወለሉ ላይ ተንበርክካለች። የኮምፒውተሩ ጎን ተከፍቷል። በእጇ የክብሪት እንጨት ይዛለች።

ቀያሹ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለ። ስድስት ልጅ አብረው ወልደው፣ አሳድገው፣ ድረው፣ በስተርጅና በክብሪት እንጨት ይካዳል?

«ምን አድርጌሽ ነው?» አለ። «ያን ልጅ በከንቱ ከቤቴ አስወጣሁት። ዓይኔ ሳይጠፋ ልጨርስ ብዬ እኮ ነው የምለፋው። ምን በደልኩሽ?»

ሚስትየው ጎኑን ገጠመችው። ጉልበቷን አራግፋ ተነሣች።

«ለልጁ አሁኑኑ ሄጄ እውነቱን እነግረዋለሁ፤ እሱ አልበደለም» አለች። «መጽሐፍህን ግን አንተ ስትተኛ አንብቤዋለሁ፤ ከዳር እስከ ዳር።»

«ታዲያስ?»

«ሰውየው ላጤ ነው።»