ጭስ ያልነካው የጉንዳን ቤት

«ይሄን የሠራው ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ ነው እንዴ የሠራው?...»

ሰውነት የሚባል ወጣት ይህን ያለው በስልኩ ላይቭ ላይ ሆኖ ነው። አራት ሺህ ሰው ያየዋል።

ዳንግላ፣ በተከራያት ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት የጉንዳን ቤቶች አስቀምጧል። ሁለቱም በእጅ የተሠሩ፣ ሁለቱም ከቀርከሃ ናቸው።

ሰውነት ጉንዳን ያረባል። ከአንዲት ንግሥት ተነሥቶ በሦስት ዓመት ስድስት መቶ ያህል አድርሷቸዋል። ተከታዮቹ ንግሥቲቱን «እሜቴ» ይሏታል። ጠዋት ጠዋት «እሜቴ እንዴት አደረች?» ብለው ይጠይቃሉ።

እስካሁን የኖሩበት ጠርሙስ ጠቧቸዋል። «በእጅ የተሠራ የጉንዳን ቤት ያላችሁ ላኩልኝ» ብሎ ካስነገረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ዛሬ ይመረጣል፣ ዛሬ ይገባሉ።

የተሳሳተ ቤት ከመረጠ ሦስት ዓመቱን ውኃ በላው ማለት ነው... ይህን ከማንም በላይ እሱ ያውቃል።

ቁጥር አንድ ከዚያው ከዳንግላ ሱቅ የመጣ ነው። በጭስ ጠቁሯል፤ በቫርኒሽ ተወልውሎ ፊት ያሳያል።

ቁጥር ሁለት ግን... ነጭ፣ ጥሬ ቀርከሃ። አምስት አንጓ፣ በየአንጓው አንድ ክፍል። ላዩ መስታወት ነው፤ ጠርዙ በቀጭን የቀርከሃ ልጥ ታስሯል። ያመጣው እንየው የሚባል የእንጅባራ ሚኒባስ ሾፌር ነው። አሁንም በሩ ላይ ቆሟል።

«ወንድሜ፣ የላኩት አባት መልእክት አላቸው...»

«ቆይ፣ ላይቭ ላይ ነኝ።»

«አጭር ናት እኮ።»

«ቆይ አልኩህ።»

እንየው ከበሩ ሳይነቃነቅ ጠበቀ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ...

ሰውነት ሠሪውን ያውቀዋል።

እስሩን ሲያይ ነው ያወቀው። ሌላው ቀርከሃ ሠሪ ልጡን ወደ ቀኝ ይጠመዝዛል፤ ይሄኛው ወደ ግራ ነው። በዚያ አገር ግራኝ ቀርከሃ ሠሪ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጥርባ ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩት አቶ ይኸነው... የገዛ አባቱ።

ልጅ ሳለ «የቅርጫቱ ልጅ» እየተባለ ተበሽቆ ነው ያደገው። ለተከታዮቹ ስለ አባቱ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም።

ደግሞም በሥራቸው አፈረ። ቀርከሃ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጭስ መጥገብ አለበት፤ አለዚያ ነቀዝ ይበላዋል። ጥሬውን የሚሰጥ ሰነፍ ነው። ይህን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። «ሽማግሌው ደክመዋል» አለ በልቡ።

በአፉ ግን ሌላ አለ።

«ተመልከቱት... ጭስ እንኳ አላየም። ሰውዬው እንጨት ለቅሞ ቢሸጥ ይሻለው ነበር። ይሄ ለዶሮ ይሆናል፤ ያውም ዶሮዋ ከተስማማች።»

ኮሜንቱ በሳቅ ተሞላ። እንየው በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ሄደ።

ጉንዳኖቹ ቁጥር አንድ ውስጥ ገቡ።

ሰውነት ጠንቃቃ ነው። የክፍሎቹን ስፋት በማስመሪያ ለክቷል። እርጥበቱን ጠዋትና ማታ ይፈትሻል። ያልፈተሸው ሽታውን ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሁሉም መግቢያው ላይ ተከመሩ። «ገና አልለመዱትም» አለ።

በሦስተኛው ቀን እጮቻቸውን በአፋቸው ይዘው መስታወቱን ይዞሩ ጀመር... መውጫ ፍለጋ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት እሜቴን በጀርባዋ ተንጋላ አገኛት። የቀሩትም በየአንጓው ወድቀዋል።

ያኔ ነው ሾፌሩ ሊነግረው የነበረው መልእክት ትዝ ያለው።

በዚያው ቀን ጥርባ ሄደ። አባቱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዙሪያቸውን ያልተሸጠ ወንበርና ቅርጫት ተከምሯል።

«አለቁ፣ አባዬ።»

«እንዲያ እንዳይሆን ፈርቼ ነበር።»

«በሾፌሩ ምን ብለው ነበር የላኩልኝ?»

«ጭስ የጠጣ ቤት ውስጥ እንዳታስገባቸው ነበር። ነቀዝ የሚያባርር ጭስ ለጉንዳን ይራራል? ያውም ላዩ በቫርኒሽ ታፍኖ... ለዚህ ነው ጥሬውን የተውኩት። በአርባ ዓመት ውስጥ ጭስ ሳያይ ከእጄ የወጣ ዕቃ እሱ ብቻ ነው።»

ሰውነት መሬት መሬቱን አየ።

«የእርስዎ ሥራ መሆኑን... ዐውቄ ነበር።»

«ማወቅህማ ገባኝ። ባታውቅ ኖሮ ያን ያህል አትሰድበኝም ነበር።»

የተከመሩትን ወንበሮች እያዩ ቀጠሉ።

«ያወቅኸው አንተ ብቻ መስሎሃል። ቅዳሜ እንጅባራ ገበያ ወጣሁ። ሁሉም በስልኩ ይዞታል። ወደ ግራ የታሰረውን ማን ያጣዋል? ‹የገዛ ልጃቸው እጃቸው መድከሙን መሰከረ› አሉ። የአዘና ከተማው ነጋዴም ያዘዘኝን ወንበሮች ተወ። ይኸው ተከምረው ታያቸዋለህ።»

ሰውነት ስልኩን አወጣ።

«አሁኑኑ ላስተካክለው፣ አባዬ። አባቴ ናቸው ብዬ እናገራለሁ። ሲሠሩ ላንሳዎት... እጅዎን ብቻ።»

አቶ ይኸነው ሁለቱንም እጆቻቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

«ማን ሊያይልህ? ሰዎቹ የሚመጡት ጉንዳኖቹን ለማየት ነበር። ሂድ፣ ሚኒባሱ ሳያመልጥህ።»

ሰውነት ስልኩን እንደ ያዘ ቆመ። የአባቱ እጆች ግን ከጋቢው አልወጡም።

ወገኖቼ... ሰውነት አባቱን ከማያውቋቸው ሰዎች ሊደብቅ ብሎ፣ በሚያውቋቸው ሁሉ ፊት አዋረዳቸው። እንደማያውቃቸው ሆኖ የሰደባቸውን፣ እንደ ልጅ ይቅርታ ሊክሳቸው ሲመጣ ዘግይቶ ነበር። ያሳደገንን እጅ ሥራ ስናይ «ለምን እንዲህ ሠሩት?» ብለን ቀድመን እንጠይቅ። መልሱ ለእኛው ተብሎ ሊሆን ይችላል።

እናንተ አቶ ይኸነውን ብትሆኑ ኖሮ እጃችሁን ከጋቢው ታወጡለት ነበር? ወይስ እንደ እሳቸው ትሸኙት ነበር? የልባችሁን ጻፉልን...