መነሻ የሌላቸው

ቫሲቲ በሱቫ ወደብ የጀልባ ትኬት የሚሸጥ ድረ ገጽ ትቆጣጠራለች። የተሳፋሪ ወይም የመርከበኛ መለያ ይዞ የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ ከየትኛው ገጽ እንደተነሳ ካልተናገረ ሰርቨሩ አይመልስለትም። ትናንት ግን ለሙከራ ብላ «መነሻ የለም» የሚለውንም እንዲቀበል ፈቅዳ ረስታው ነበር።

ረፋድ ላይ በዚያው ክፍተት የአባቷ መለያ ገባ። አባቷ ወደ ካንዳቩ ደሴት በምትሄደው ጀልባ ላይ ናቸው፤ መሀል ባሕር ላይ ደግሞ ስልክ አይሠራም። ቀጥሎ አጠገባቸው የተቀመጡት ሴትዮ መለያ መጣ፤ ከዚያም የሌሎቹ፣ በወንበራቸው ተራ።

«ኒውዚላንድ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው በር ከፍቶ መተኛት ነው?» አለ የሬዲዮ ሠራተኛው አፒሳይ።

«አፒ፣ ቀልዱን ተውና የጀልባዋን ካፒቴን ጥራልኝ።»

ፈቃዱን ሰረዘችው። ሰርቨሩ እምቢ ቢላቸውም መለያዎቹ መምጣታቸውን አላቆሙም፤ የሠላሳ ዘጠኙም ተሳፋሪ መለያ መጥቶ አለቀ።

«ሁላችንም ደህና ነን» አለ ካፒቴን ሳኪዩሳ በሬዲዮ። «ባሕሩ ዝም ብሏል። አባትሽም አጠገቤ ቆመው እየሳቁብሽ ነው፤ ምን ያስጨንቅሻል?»

ካፒቴኑ ገና እየተናገረ ሳለ የራሱ መለያ «መነሻ የለም» ብሎ ቫሲቲ ስክሪን ላይ ወጣ።