የቀጠነው ድምፅ

ሽማግሌው ወደ ቴፕ ጠጋኙ ሱቅ የመጡት ከልጃቸው ጋር ነበር። በዚያ ሙቀት አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመዋል። ልጅቱ የካሴት ማጫወቻውንና ሁለት ትንንሽ ስፒከሮችን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። እሳቸው አምፕሊፋየሩን እንዳቀፉ ቆሙ።

«ድምፁ ቀጠነብን፣ ጋሼ» አለች ልጅቱ። «አንድ ካሴት አለችን። እንደ ድሮው ወፍሮ ካልተሰማ ለእኛ ዋጋ የለውም።»

ጠጋኙ ካሴቷን ልስማት አላለም። የሰው ካሴት የሰው ጓዳ ነው ባይ ነው፤ ዕቃ የሚሞክረው ሁልጊዜ በራሱ ዘፈን ነበር። ደግሞም የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ነገሩ ገባው። እሱም ሚስቱን ቀብሯል። ፎቶዋ ግድግዳው ላይ አለ፤ ድምፅዋ ግን የትም የለም። አንዲት ካሴት እንኳ አለመቅዳቱ ሆዱን ሲበላው ይኖራል። እናም በሽማግሌው ቀናባቸው።

«እግዜር ያጽናችሁ» አለ።

«አሜን» አለች ልጅቱ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«የድሮዎቹ ስፒከሮች የት ሄዱ?»

«ተቃጠሉ። እነዚህን ገዛን።»

«ይሄን የሚያህል አምፕሊፋየር ከነዚህ ጋር? ያላቻ ጋብቻ ነው እኮ! አይጣሉም፣ ግን አይደማመጡም።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ እንጂ ቃል አልወጣቸውም።

«ዝም አይነቅዝም አሉ፣ አባባ» አለ ጠጋኙ ሊያጫውታቸው ፈልጎ። ልጅቱ ቶሎ ብላ ስለ ሽቦው ጠየቀችው።

ከሱቁ ትልልቅ ስፒከሮች መርጦ ሰጣቸው። በማግስቱ ተመለሱ። አምፕሊፋየሩ እንደ ምጣድ ግሎ፣ የካሴቷ ንግግር መሃል ላይ ተቋርጧል። ጥፋቱ የጠጋኙ ነበር። ስፒከሮቹ ባለ አራት ኦም ናቸው፤ አምፕሊፋየሩ ደግሞ የሚችለው ከስምንት ጀምሮ ነው፤ ኦሙ ሲያንስ ሸክሙ ይበዛበታል። ለዓመታት ደንበኛ ሲመክርበት የኖረውን ነገር፣ ሆዱ ቢባባ ረሳው።

«በጣም ደነገጠች» አለች ልጅቱ።

«ማን?»

«ቤት ያለችው።» ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

ጠጋኙ አሮጌ ዕቃ ሻጮችን አንድ በአንድ አዳረሰ። አንድ ነገር ብቻ ያስገርመው ነበር። የሴት ድምፅ ይህን ያህል ወፍራም ቤዝ ምን ያደርግለታል? ትንንሾቹም በወጉ ያወጡት ነበር። ሐዘን ሂሳብ አያውቅም ብሎ ተወው። በመጨረሻ ከአንድ የተዘጋ አዳራሽ የወጡ ባለ እንጨት ሣጥን ስፒከሮች አገኘ፤ ስምንት ኦም፣ ጥንድ፣ ጤነኞች። ራሱ ተሸክሞ ቤታቸው ወሰደላቸው።

ሳሎኑ ውስጥ ዓይናቸው የጠፋ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። ሊያስተዛዝኑ የመጡ የሽማግሌው እህት ይሆናሉ ብሎ ገመተ።

«ማነው የመጣው?» አሉ አሮጊቷ።

«ቴፕ ሠሪው ነው» አለች ልጅቱ።

ጠጋኙ ስፒከሮቹ የታሰሩበትን ገመድ ሳይፈታ እንደገና «ማነው የመጣው?» አሉ። ልጅቱ ሳትሰለች ያንኑ መለሰች።

ሽማግሌው ከአሮጊቷ አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን ያዙ። አሮጊቷ እጃቸውን መነጨቁ። እህትና ወንድም ሲያረጁ እንደ ልጅነታቸው ይነታረካሉ ብሎ ጠጋኙ በልቡ ሳቀ።

ሽቦውን አሰረ፤ በራሱ ዘፈን ሞከረ። ቤዙ ወለሉን አንቀጠቀጠው። አምፕሊፋየሩን ዳሰሰው፤ ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም።

«አሁን ተጋቡ» አለ። «የቀረው የእናንተ ነው፤ እኔ ልውጣ።»

«ይቆዩልን ጋሼ» አለች ልጅቱ። «ዛሬ ካልሆነ ሌላ መላ የለንም።»

ልጅቱ ካሴቷን ከተተች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከአሮጊቷ ፊት ላይ አልነቀሉም።

ከስፒከሮቹ ወፍራም፣ ሳቂታ የወንድ ድምፅ ወጣ። «የልጄ እናት፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እንዳለሁ አለሁ። ይሄ የመኪና መንገድ ወገቤን ቢቆርጠውም፣ አንቺን ሳስብ ድካሜ ይጠፋል...»

ጠጋኙ ቀና አለ። የሽማግሌው ከንፈር ድምፁን ቃል በቃል ይከተላል፤ ከአፋቸው ግን ምንም አይወጣም። ሻርፑ ሸርተት ባለበት ጉሮሯቸው ላይ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ይታያል።

አሮጊቷ ፊታቸው በርቶ እጃቸውን ወደ ስፒከሩ ዘረጉ። «የልጄ አባት፣ መጣህልኝ? በል እንግዲህ፣ አንተ በሌለህበት እጄን እየያዘ የሚያስቸግረኝን ይሄን ዲዳ ሰውዬ ከቤቴ አስወጣልኝ።»